«ከማን ወረሰው?»

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ልጃቸው የስኳር ሕመም እንዳለበት ስነግራቸው እናትና አባት መጀመሪያ የሚያዩት እርስ በርስ ነው። ከዚያ «ከማን ወረሰው?» ይላሉ። አንዲት እናት ራሱን የሳተ ልጇን ተሸክማ መጥታ ይህንኑ ስትጠይቀኝ፣ የወለቀ ጫማውን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር። ድምፅዋ የተከሳሽ ድምፅ ነበር። ዛሬ ስለ ዘረ መል የምናገረው ያንን ክስ ለማንሳት ነው።

ዘር ድርሻ አለው፤ ይህን አልደብቃችሁም። በልጆች ላይ የሚበዛው ዓይነት 1 የስኳር ሕመም የሚመጣው የሰውነት መከላከያ በቆሽት ውስጥ የደም ስኳርን የሚያስተካክለውን ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሴሎች እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲያጠፋቸው ነው። ከዘር የሚመጣው ተጋላጭነት ግማሽ ያህሉ ዘረ መሎችን ከሚሸከሙት የሴል ክሮች በአንዱ፣ በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ ካሉት፣ ኤችኤልኤ ከሚባሉት ዘረ መሎች ነው። ሥራቸው ለመከላከያ ሴሎች የፕሮቲን ቁራጮችን እያሳዩ ወዳጅን ከባዕድ ማስለየት ነው። ዲአር3 እና ዲአር4 የሚባሉት ዓይነቶች በአንድ ልጅ ላይ ሲገናኙ ተጋላጭነቱ እጅግ ይጨምራል። ልብ በሉ፤ ልጁ አንዱን ከእናቱ፣ ሌላውን ከአባቱ ነው የሚያገኘው። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ የሰጡትም ሳያውቁት ነው። ሁለቱን ይዘው ከተወለዱት እንኳ አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን አይታመሙም።

ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ዘረ መላቸው አንድ ነው፤ ሆኖም አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ሆኖ ለዓመታት ሊኖር ይችላል። አዲስ ከሚታመሙ 10 ልጆች 8 ወይም 9 የሚሆኑት በቅርብ ቤተሰባቸው ይህ ሕመም ያለበት ሰው የላቸውም። አያት የሰጠችው ከረሜላም አላመጣውም፤ ይህን የምለው እሷም ስትወቀስ ደጋግሜ ስለሰማሁ ነው።

ያቺ እናት ቀጥላ «ታናሹስ?» አለችኝ። ከ100 ወንድሞችና እህቶች ከ90 በላይ የሚሆኑት አይታመሙም። ምርመራው ባለበት ቦታ አንቲቦዲዎችን፣ ማለትም መከላከያው የቆሽት ሴሎችን ማጥቃቱን የሚጠቁሙ ፕሮቲኖችን፣ በደም ውስጥ መፈለግ ይቻላል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ዓይነት ከተገኙ ሕመሙ ምልክት ሳያሳይ ጀምሯል ማለት ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ቴፕሊዙማብ የተባለ መድኃኒት በጥናት ሕመሙን 2 ዓመት ያህል አዘግይቷል። ለአንድ ልጅ ሁለት ዓመት ያለ ኢንሱሊን መርፌ ብዙ ነው።

ምርመራው ባይኖር ዓይናችሁ አለ። ታናሹ ውሃ ውሃ ካለ፣ ከከሳ፣ አልጋ ማርጠብ ትቶ እንደገና ከጀመረ፣ በዚያው ዕለት ከጣቱ ጠብታ ደም ተወስዶ ስኳሩ ይለካ። ትንፋሹ እስኪከብድ አትጠብቁ። ለዚያች እናትም የነገርኳት ይህንኑ ነው።

አመሰግናለሁ።