ቅዳሜ የምናየው ዳና

እናቶች፣ አባቶች፣ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን ግሌን ሮዝ የምትባል የቴክሳስ ከተማ እንሄዳለን። ከዳላስ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እዚያ የፓላክሲ ወንዝ ወለል ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ላይ ዳይኖሰሮች ረግጠው ያለፉበት ዳና አለ። ዕድሜው ወደ 113 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል።

አጥንት ብዙ ጊዜ ጎርፍ ይወስደዋል፤ እንስሳው ካልኖረበት ቦታም ይገኛል። ዳና ግን ንቅንቅ አይልም። እንስሳው በሕይወት እያለ፣ እዚያው ቆሞ፣ በገዛ እግሩ የተወው ነው። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይህ ነው።

ቦታው ያኔ የባሕር ዳርቻ ነበር። ኖራ የበዛበት ጭቃ የእግሩን ቅርጽ ያዘ፣ ጠነከረ፣ ሌላ ደለል ሸፈነው። ከስንት ዘመን በኋላ ወንዙ ለስላሳውን ጠርጎ ገለጠው።

ሁለት ዓይነት ታያላችሁ። ትልቅ ሰፌድ የሚያክለው አንገተ ረጅሙ ቅጠል በል የረገጠው ነው። የዶሮ እግር የመሰለው ባለሦስት ጣት ደግሞ የሥጋ በሉ ነው፤ አክሮካንቶሳውረስ ሳይሆን አይቀርም። ልጆች፣ ከጣቱ ጫፍ እስከ ተረከዙ ለኩና በ4 አባዙት። ግማሽ ሜትር ከሆነ ዳሌው ሁለት ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። ዳሌው ብቻ ከአባቶቻችሁ ቁመት ይበልጣል!

በ1938 ሮላንድ በርድ የሚባል ሰው ከኒውዮርክ መጥቶ የሁለቱን ዳና ጎን ለጎን አገኘ። ሥጋ በሉ ከኋላ ነው የመጣው፤ አንዳንድ ቦታ የትልቁን ዳና ረግጦታል። እያደነው ነበር? ተመራማሪዎች እስካሁን ይከራከሩበታል። ከዚያ ዳና የተቆረጠው አንዱ ክፍል ዛሬ ኒውዮርክ ሙዚየም ውስጥ ነው።

«የሰው ዳናም አለ» የሚል ወሬ ትሰሙ ይሆናል። እሱም የዳይኖሰር ነው። እንስሳው እስከ ተረከዙ ሲረግጥ ዳናው ይረዝማል፤ ጭቃው ተመልሶ ጣቶቹን ሲሞላቸው ሰው የረገጠው ይመስላል። በ1930ዎቹ ደግሞ ችግር ስለጠናባቸው ድንጋይ ላይ የሰው ዳና ጠርበው የሸጡ ነበሩ። አልፈርድባቸውም፤ ግን ልጆቻችን እውነተኛውን ለይተው ይወቁ።

በ2022 ድርቁ ወንዙን ሲያደርቀው ተሸፍኖ የኖረ ዳና ወጥቶ ታየ። ቅዳሜ ውሃ ሊኖር ስለሚችል ሰንደል ጫማ አድርጉ። ዳናው ውስጥ አሸዋ ካለ በእጃችሁ ጥረጉት፣ በብረት እንዳትፍቁት። ሜትሩን እኔ ይዤ እመጣለሁ።