ስሟ እዚያ ስለተገኘ ብቻ

አንዲት ሠራተኛ ዳታቤዝ ላይ ስሟ ስለተገኘ ብቻ ጥፋተኛ የመሰለችበት ያ ስብሰባ አሁንም ከአእምሮዬ አልወጣልኝም። ስክሪኑ ላይ የደንበኛው ሪከርድ ተከፍቷል። የዱቤ ጣሪያው ወደ ድሮው ቁጥር ተመልሷል። «መጨረሻ ያስተካከለው» የሚለው ዓምድ ላይ የእሷ ስም አለ። ሁሉም ዞር ብለው አዩዋት። «እኔ እኮ የቀየርኩት ስልክ ቁጥር ነው» አለች። አንድም ሰው አልመለሰላትም።

እውነቷን ነበር! እሷ ሪከርዱን ስትከፍት ጣሪያው ገና አልተቀየረም። ስልኩን እየጻፈች ሳለ ሌላ ሰው ጣሪያውን ቀይሮ ሴቭ አደረገ። ከዚያ እሷ ሴቭ አደረገች። ፎርሙ ደግሞ የተነካውን ብቻ አይልክም፤ ረድፉን፣ ማለትም ሪከርዱን በሙሉ፣ እንዳለ ነው የሚልከው። አሮጌው ቁጥር አዲሱን ዋጠው። ሎስት አፕዴት (የጠፋ ለውጥ) የሚባለው ይሄ ነው። ረድፉ ላይ በተቀየረ ቁጥር የሚጨምር የቨርዥን ቁጥር ቢኖርና ሴቭ ሲደረግ ቢመሳከር፣ «ሌላ ሰው ቀድሞሻል፣ እንደገና ክፈቺው» ይላት ነበር። በቃ፣ ያቺ አንዲት ዓምድ!

ማን ምን እንደቀየረ ለመመዝገብ ደግሞ ትሪገር እወዳለሁ፤ ረድፍ ሲቀየር ዳታቤዙ በራሱ የሚያስኬደው ትንሽ ኮድ ነው። የድሮውንም የአዲሱንም ዋጋ ሌላ ሠንጠረዥ ላይ ያስቀምጥልሃል። ግን አፕሊኬሽኑ ሁሉንም በአንድ የጋራ አካውንት የሚያገናኝ ከሆነ፣ ትሪገሩ የሚያየው ያንኑ አካውንት ነው። ሰውየው ማን እንደሆነ አፕሊኬሽኑ ራሱ ሊነግረው ይገባል። የማይክሮሶፍቱ ዳታቤዝ ኤስኪውኤል ሰርቨርም ከ2016 እትሙ ጀምሮ ቴምፖራል ቴብል አለው። የድሮውን ረድፍ ከነሰዓቱ ያስቀምጣል፤ ማን እንደቀየረው ግን በራሱ አይመዘግብም።

ደግሞ... ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። የለውጥ ምዝገባው ሁሉ ተሟልቶ ቢሆንስ? ታሪኩ ምን ይል ነበር? «ጣሪያውን ከአዲሱ ወደ አሮጌው የመለሰችው እሷ ናት።» ከነሰዓቱ። ውሸት አይደለም፣ የእሷ ሴቭ ነው የመለሰው። ግን እሷ አልቀየረችውም! ሎጉ፣ ማለትም የለውጥ መዝገቡ፣ የተጻፈውን ያውቃል። ስትከፍተው ምን እንዳየች አያውቅም።

ምናልባት የከፈተችውን ቨርዥን አብሮ መመዝገብ ነው። ቢያንስ በአሮጌ መረጃ ላይ እንደሠራች ይታያል። ከዚያስ? ማን የትኛውን ሪከርድ መቼ እንደከፈተ ሁሉ ልንመዘግብ? እሱ ደግሞ ሰውን መከታተል ነው፣ ደስ አይለኝም። ግን እሷን ያድናት ነበር... እንጃ።

የተሰረዘ ሪከርድ ደግሞ አለ። ያኛው ላይማ ስም የሚይዝ ረድፍ ራሱ የለም። ሳይሰርዙ «ተሰርዟል» ብሎ ምልክት ማድረግ ይቻላል፣ ግን ያኔ ለዳታቤዙ የሚቀርብ እያንዳንዱ ጥያቄ (ኩዌሪ) ያንን ምልክት ማስታወስ አለበት፣ አንዱ ከረሳ ደግሞ...