ካፒቴኑን ትተን ሌሎቹን እንያቸው

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራችሁ። ስለ አንድ የድሮ የጦርነት ፊልም ነው። ስለ ፊልሙ ከማለት ይልቅ ስለ ተዋንያኑ ብል ይሻላል። «ኢን ዊች ዊ ሰርቭ» ይባላል። የእንግሊዞች ነው፤ ጥቁርና ነጭ ነው፤ የወጣው በ1942 ነው። ዛሬ የምጠራው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው፣ እንዳትደናገሩ። በ1942 ጦርነቱ ገና እየነደደ ነበር። ፊልሙን የሠሩትም፣ የተወኑበትም፣ ትኬት ቆርጠው የገቡትም መጨረሻውን አያውቁም። እኔ ይሄንን ሳስብ ፊልሙን በሌላ ዓይን ነው የማየው።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ቶሪን የምትባል መርከብ አለች። ዲስትሮየር ናት፤ ፈጣን የጦር መርከብ። ስትሠራ እናያለን፣ ወደ ውሃ ስትወርድ እናያለን። ብዙም ሳንቆይ ደግሞ ቀርጤስ አጠገብ በጀርመን አውሮፕላኖች ተመትታ ስትገለበጥ እናያለን። አዎ፣ ገና ፊልሙ ሳይጀመር መርከቧ አለቀላት። የተረፉት ሰዎች አንዲት ተንሳፋፊ ላይ ተንጠልጥለዋል። አውሮፕላኑ እየተመለሰ በመትረየስ ያርከፈክፍባቸዋል። እነሱ ደግሞ በየተራ ቤታቸውን ያስባሉ። ፊልሙ እንዲህ ከውሃው ወደየቤቱ፣ ከየቤቱ ወደ ውሃው እየተመላለሰ ይሄዳል።

ከጀርባው እውነተኛ መርከብ አለች፤ ስሟ ኬሊ። አዛዧ ሎርድ ልዊስ ማውንትባተን ነበር። ሜይ 23 ቀን 1941 ቀርጤስ አካባቢ ሰጠመች፤ ግማሽ ያህሉ ሰው አብሯት አለቀ። እንዲያው በነገራችን ላይ፣ ያ ቀን አፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ከገቡ ገና በ18ኛው ቀን ነው። እኛ ዘንድ እልልታ፣ እዚያ ባሕር ላይ ለቅሶ። አንድ ጦርነት ነው፣ ግን ለሁሉም በአንድ ቀን አይመሽም፣ በአንድ ቀን አይነጋም።

ማውንትባተን ጓደኛ ነበረው፤ ኖዌል ካዋርድ። ካዋርድ ማለት የለንደን ቲያትር ንጉሥ ነው። በሐር የቤት ካባ፣ ሲጋራ በረጅም መያዣ፣ ቀልዱ እንደ ምላጭ። ይሄ ሰው የኬሊን ታሪክ ከጓደኛው ሰማና ፊልም ካልሠራሁ አለ። ጻፈው። ፕሮዲዩስ አደረገው። ሙዚቃውን ደረሰ። ካፒቴን ኪንሮስ ሆኖ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ተጫወተ። ዳይሬክት ማድረጉንም ከዴቪድ ሊን ጋር ተካፈለ። ሊን እስከዚያ ድረስ ፊልም ቆራጭ ነበር፤ በዳይሬክተርነት ስሙ የወጣው በዚህ ፊልም ነው። «ሎውረንስ ኦቭ አረቢያ»ን የሠራው ያው ሰውዬ ነው።

እና ገና ከጅምሩ ወሬው ተነሳ። ይሄ የሳሎን ሰው ነው የባሕር ኃይል ካፒቴን የሚሆነው? የዴይሊ ኤክስፕረስ ባለቤት ሎርድ ቢቨርብሩክ በተለይ አልወደደውም። ካዋርድም ዝም አላለም። ፊልሙ ውስጥ፣ መርከቧ በ1939 ስትመረቅ፣ ወደቡ ውሃ ላይ አንድ ጋዜጣ ሲንሳፈፍ ይታያል። ዴይሊ ኤክስፕረስ ነው። ርዕሱ ላይ በዚህ ዓመት ጦርነት አይኖርም ይላል። የራሱን የቢቨርብሩክን ጋዜጣ! በጣም ነው ያሳቀኝ። ሰውዬው ግን ሳቀ አይመስለኝም።

የመንግሥት የማስታወቂያ ሰዎችም ቅር ብሏቸው ነበር። በጦርነት መሐል የራስን መርከብ ስትሰጥም ማሳየት ምን ይሉታል? ማውንትባተን ደገፈው፣ ነገሩ አለፈ። ንጉሥ ጆርጅ 6ኛም ቤተሰባቸውን ይዘው ደነም ስቱዲዮ መጥተው ቀረጻውን አዩ። ከዚያ ወዲያ ማን ይናገራል።

አሁን የልቤን ልንገራችሁ። ካዋርድ ካፒቴን ሆኖ ይደርቅብኛል። አነጋገሩ የተቆረጠ ነው፣ አገጩ ወደ ላይ ነው፤ ሚስቱን ሲያናግር እንኳ ሪፖርት የሚያዳምጥ ይመስላል። አንዳንድ ሰው መኮንን እንዲህ ነው፣ ልክ ነው ይላል። ይሁን። እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አዝዞ፣ ራሱ መሐል ላይ ቆሞ ሳለ ምርጥ ምርጡን ለሌሎች ሰጥቷል። የሱን ንግግር ብትቆርጡት ፊልሙ ትንሽ ይጎድልበታል። የሌሎቹን ብትቆርጡ ምንም አይቀርም።

በርናርድ ማይልስን እንያዝ። ሃርዲን ነው የሚጫወተው፤ የበታች ሹም ነው። ጠና ያለ፣ ሰፊ ፊት ያለው፣ ጨዋ ሰው። ሚስቱ ካት ናት፤ ጆይስ ኬሪ ተጫውታታለች። ፕሊመዝ ከተማ ነው ቤታቸው። ሾርቲ ብሌክ የሚባል ተራ መርከበኛ ደግሞ አለ። እሱ ጆን ሚልስ ነው። አጠር ያለ፣ ፈገግታው የማይጠፋ። ሾርቲ ባቡር ላይ ፍሪዳ የምትባል ልጅ ይተዋወቃል፤ ያገባታል። ፍሪዳን የተጫወተችው ኬይ ዋልሽ ናት፤ ያኔ የሊን ሚስት ነበረች። ፍሪዳ የነሃርዲ ዘመድ ናት። ስለዚህ ሾርቲና ሃርዲ በመርከብ አለቃና ምንዝር፣ በቤት ቤተሰብ ናቸው። ሾርቲ ባሕር ላይ ሲሆን ፍሪዳ ነፍሰ ጡር ሆና ከካትና ከካት እናት ጋር ትቀመጣለች።

አንድ ሌሊት ከተማው በቦምብ ይደበደባል። ቤቱ ላይ ይወድቃል። ካትና እናቷ ይሞታሉ። ፍሪዳ ትተርፋለች፤ ትወልዳለች።

ደብዳቤው መርከብ ላይ ለሾርቲ ይደርሰዋል። አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ወሬ። አባት ሆነሃል፤ የሃርዲ ሚስት ሞታለች። ሃርዲ ምንም አያውቅም። ሾርቲ ሊነግረው ይሄዳል። ሄዶ ሲያገኘው ሃርዲ ምን እያደረገ ነው? ለካት ደብዳቤ እየጻፈ።

እዚህ ጋ ሁልጊዜ ፊልሙን አቆመዋለሁ። ምክንያቱም እኔ ያደግሁት መርዶ እንዴት እንደሚነገር በሚያውቅ ሰፈር ነው። እኛ ጋ መርዶ ብቻውን አይመጣም። ማታ አይነገርም። ጎረቤት ይማከራል፣ ሽማግሌ ይጠራል፣ ማን ይቅደም ይባላል። ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ በር ይንኳኳል። የተረዳው ሰው ገና በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲያይ ነገሩ ይገባዋል፤ ማንም አፉን መክፈት አያስፈልገውም። ከዚያ ጩኸት ነው። የሚይዝህ ሰው አለ። ልጅ ሆኜ ይሄ ነገር ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። ሰው ሲተኛ ጠብቆ፣ ግር ብሎ መጥቶ ማስደንገጥ ምን ይባላል እል ነበር። አሁን እንደዚያ አላስብም።

ሾርቲ ማንን ይጥራ? መርከብ ላይ ነው። በዕድሜ ታናሽ ነው፣ በማዕረግ በታች ነው። በዚያ ላይ ልጅ ተወልዶለታል፣ ደስ ብሎታል፤ ደስታውን የት ይደብቀው? ጆን ሚልስ ይሄን ሁሉ ፊቱ ላይ ብቻ ነው የሚያሳየን። ሲገባ ፈገግታው የለም። በቃ፣ ይሄው ነው የሱ ትወና። ሃርዲ ይሰማዋል። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ አያለቅስም። ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል። የጀመረውን ደብዳቤ ባሕር ውስጥ ይጥለዋል።

የለቅሶ ትዕይንት ብዙ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። እናቴ አንድ ጊዜ አብራኝ አይታው ነበር። «ምነው፣ አንድ ሰው እንኳ አይከተለውም?» አለች። እንግሊዞቹ በዚያ ዝምታ ኩራት ይሰማቸዋል መሰለኝ። እኔ ግን ከእናቴ ጋር ነኝ። አንድ ሰው መከተል ነበረበት።

በርናርድ ማይልስ ኋላ ላይ፣ በ1959፣ ለንደን ውስጥ መርሜይድ የሚባል ቲያትር ቤት ከፈተ። ሎርድም ሆነ። ለኔ ግን ሃርዲ ነው።

ስለ ሴቶቹ አንድ ነገር ልበል። የካፒቴኑን ሚስት የተጫወተችው ሴልያ ጆንሰን ናት፤ እስከዚያ ድረስ የመድረክ ሰው ነበረች። የገና ግብዣ አለ። ሦስት ቤት፣ ሦስት ማዕድ፤ የካፒቴኑ፣ የሃርዲ፣ የሾርቲ። ካሜራው እየዞረ ያሳየናል። እሷ ብድግ ብላ ትናገራለች። የመርከበኛ ሚስት ጣውንት አለባት፣ ጣውንቷም የማትሸነፍ ናት፣ መርከቧ ናት ትላለች። ሰው ይስቃል። ዓይኗ ግን አይስቅም። ከዚያ ጽዋዋን ለዚያችው ለጣውንቷ ታነሳለች። ከሦስት ዓመት በኋላ «ብሪፍ ኤንካውንተር» ላይ ዓለም ሁሉ እነዚያን ዓይኖች አወቃቸው። ያም የካዋርድ ጽሑፍ ነው፣ ያም የሊን ሥራ ነው።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ። አንድ ወጣት ባሕረኛ አለ፣ እታች ከሞተር ክፍል ሠራተኞች አንዱ። ከመስጠሟ በፊት በነበረ ሌላ ውጊያ መርከቧ ስትመታ ይደነግጣል። ቦታውን ጥሎ ይሸሻል። ፊቱን ካያችሁት አትረሱትም፤ ዓይኑ ሊወጣ ደርሷል። ካፒቴኑ በኋላ መርከበኞቹን ሰብስቦ ይናገራል። ከአንድ ሰው በቀር ሁላችሁም እንደጠበቅኋችሁ ሆናችኋል ይላል። የልጁን ስም አይጠራም። በማስጠንቀቂያ አልፌዋለሁ ይላል። ከዚያ ይጨምራል፦ ማስጠንቀቂያው ሁለት ነው፤ አንዱ ለሱ፣ አንዱ ለኔ። ከሱ ምን እንደሚጠበቅ ያላስረዳሁት እኔ ነኝ ማለቱ ነው። እዚህ ላይ ካዋርድን እወደዋለሁ። ድርቀቱ እንኳ ይረዳዋል። ሌላ ተዋናይ ቢሆን እንባ ይጨምርበት ነበር።

ያ ልጅ በፊልሙ ውስጥ ስም የለውም። የተዋንያን ዝርዝር ላይም የተጫወተው ሰው ስም የለም። ሳይጻፍ ቀረ። የመጀመሪያ ፊልሙ ነው፤ 18 ዓመቱ ነው። ሪቻርድ አተንቦሮ ይባላል። አዎ፣ «ጋንዲ»ን የሠራው። ስምንት ኦስካር የወሰደውን ፊልም።

ሌሎችም አሉ፣ በችኮላ ልጥቀሳቸው። የሾርቲንና የፍሪዳን ሕፃን የተጫወተችው ጁልየት ሚልስ ናት። የጆን ሚልስ የገዛ ልጁ ናት፣ በ1941 መጨረሻ የተወለደች። እሷም አድጋ ተዋናይ ሆነች። የካፒቴኑ ትንሽ ልጅ ደግሞ ዳንኤል ማሲ ነው፤ ካዋርድ የክርስትና አባቱ ነው። ይሄ ልጅ አደገና በ1968 «ስታር!» በሚል ፊልም ላይ ማንን ተጫወተ? ራሱን ካዋርድን። ለኦስካርም ታጨበት። በመክፈቻው የምንሰማው ድምፅ የሌስሊ ሃዋርድ ነው፤ የአንዲት መርከብ ታሪክ ነው እያለ የሚጀምርልን። የሱም ስም አልተጻፈም። ፊልሙ ከወጣ ዓመት ሳይሞላው፣ ጁን 1 ቀን 1943፣ ሃዋርድ የተሳፈረባትን የመንገደኞች አውሮፕላን ጀርመኖች ባሕር ላይ መትተው ጣሏት። ከዚያ ወዲህ ያን ድምፅ ሲሰማ የነበረው የለንደን ሰው ምን ይሰማው ይሆን እላለሁ።

በ1940 ከፈረንሳይ ዳርቻ፣ ከዳንከርክ፣ በመርከብ ያመለጡት የእንግሊዝ ወታደሮች ሰልፍም አለ። ከመርከብ ወርደው፣ ደክመው፣ ድንገት ተስተካክለው ሲራመዱ። እነዚያ ተዋንያን አይደሉም፤ የእንግሊዝ ጦር ክፍል የሆኑት እውነተኛ የኮልድስትሪም ዘቦች ናቸው። ያስታውቃሉም። እንዲያ ያለ እርምጃ በልምምድ ብቻ አይመጣም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ላብቃ። አተንቦሮ «ጋንዲ»ን ለመሥራት ሃያ ዓመት ገደማ ሲለፋ፣ ሕንድ ውስጥ በር ካስከፈቱለት ሰዎች አንዱ ማውንትባተን ነው። የኬሊው አዛዥ፣ የሕንድ የመጨረሻው የእንግሊዝ እንደራሴ። ማውንትባተን ፊልሙን አላየውም። በ1979 አየርላንድ ውስጥ ጀልባው ላይ በተጠመደ ቦምብ ተገደለ። ፊልሙ ከተበረከተላቸው ሦስት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። በዚያ ፊልም ላይ ደግሞ ከሕንድ እንደራሴዎች አንዱን ሆኖ የሚጫወት ሽማግሌ አለ። እዩት፣ ጆን ሚልስ ነው። ሾርቲ ብሌክ! ከአርባ ዓመት በፊት ስም ያልነበረው ልጅ፣ ያኔ ስሙ ከላይ የተጻፈለትን ሰው ሥራ ሰጠው።

በሉ ይብቃኝ። ያያችሁት ካላችሁ አንድ ነገር ጻፉልኝ። ሾርቲ ሃርዲን ተከትሎ ወደ ላይ መውጣት ነበረበት ወይስ ብቻውን መተዉ ልክ ነው? እናቴ መልሱን ትጠብቃለች።