ለኤአር-15 የቱ መነጽር? መጀመሪያ ዓይናችሁን ጠይቁ

[መክፈቻ፦ ጥቁር ማያ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ። ቀስ በቀስ ቅርጿ ይበላሻል።]

ሰላም ወገኖች። ይህቺን ነጥብ እዩዋት። ክብ መሆን ነበረባት። እኔ ግን የመጀመሪያውን ባለ ቀይ ነጥብ የማነጣጠሪያ መነጽሬን ገዝቼ ኤአር-15 ጠመንጃዬ ላይ ስሰቅል ያየሁት ሌላ ነው። ጅራት አላት። ነጠላ ሰረዝ በሏት። "የተበላሸ ሸጡልኝ" ብዬ መለስኩት። ሌላ ሰጡኝ። እሱም ያው። ሦስተኛ ልጠይቅ ስል፣ ተኩስ መለማመጃው ላይ ከጎኔ የነበሩ አንድ ሽማግሌ "እስቲ በስልክህ ፎቶ አንሳው" አሉኝ። አነሳሁ። ፎቶው ላይ ነጥቧ ቁልጭ ያለች ክብ ናት። የተበላሸው ዓይኔ ነው ለካ!

አስቲግማቲዝም ይሉታል። የዓይን የፊት ሽፋን እንደ ኳስ እኩል መክበቡ ይቀርና ወደ እንቁላል ቅርጽ ያደላል። ያኔ ትንሽ ብርሃን ኮከብ ወይም ጅራታም ሆና ትታያለች። ማታ የመኪና መብራት ጨረር እየረጨ የሚታያችሁ ካላችሁ፣ ጠርጥሩ። ስለዚህ ወሬውን ከዓይን እንጀምር። ዋጋው ይደርሳል።

[ምስል፦ የኋላ ቀዳዳ፣ የፊት ዘንግ፣ ዒላማ በአንድ መስመር።]

ጠመንጃው ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው የብረት ማነጣጠሪያ ክፉ አይደለም። ባትሪ አይፈልግም፣ በቀላሉም አይሰበርም። ችግሩ ሦስት ነገር አሰልፉ ይላል፤ የኋላውን ቀዳዳ፣ የፊቱን ዘንግ፣ ዒላማውን። ዓይን ደግሞ በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው አንዱን ርቀት ነው። ዕድሜ 40ዎቹን ሲያልፍ የፊቱ ዘንግ ጭጋግ ይሆናል። መጽሐፍ ራቅ አድርጋችሁ ማንበብ ከጀመራችሁ የምለው ገብቷችኋል።

ቀይ ነጥብ የመጣው ይህን ሊያቃልል ነው። የስዊድኑ ኤምፖይንት የመጀመሪያውን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ውስጡ ትንሽ ቀይ መብራት አለ። የፊቱ መስታወት ቀዩን ብርሃን ብቻ ወደ ዓይን ይመልሳል፣ ሌላውን ያሳልፋል። ነጥቧም ከዒላማው ጋር እዚያው ሩቅ ያለች ትመስላለች። ሁለቱንም ዓይን ከፍቶ ነጥቧን ማሳረፍ ነው። ጉንጫችሁ ሰደፉ ላይ ትንሽ ቢንሸራተት እንኳ ብዙ አይጎዳም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ጦር ይህንኑ የኤምፖይንት ሥራ ኤም68 ብሎ ለወታደሮቹ አደለ።

እስራኤል አገር ጦር ውስጥ ያገለገላችሁ ደግሞ የዚያን አገር መነጽር ሠሪ ሜፕሮላይትን ታውቁታላችሁ። ኤም21 የሚባለው ባትሪ የለውም። ቀን ከፀሐይ፣ ማታ ትሪቲየም ከሚባል ራዲዮአክቲቭ ጋዝ ብርሃን ያገኛል።

[ምስል፦ 100 ሜትር ላይ ወረቀት ዒላማ፤ አንዴ በትንሽ፣ አንዴ በትልቅ ነጥብ ሲሸፈን።]

ሳጥኑ ላይ "2 ኤምኦኤ" የሚል ታያላችሁ። የነጥቧ ስፋት ነው። አንድ ኤምኦኤ የአንድ ዲግሪ 60ኛ ክፍል ነው፤ 100 ሜትር ላይ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ይሸፍናል። ባለ 2ዋ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ትሸፍናለች። ባለ 6ቷ 17 ተኩል ገደማ። ትልቋ ቅርብ ላይ ቶሎ ትገኛለች፣ ሩቅ ላይ ግን ዒላማውን ትውጠዋለች። ለጠመንጃ 2 ይበቃል ባይ ነኝ።

ሆሎግራፊክ የሚባሉም አሉ። በሌዘር ነው የሚሠሩት። መስኮታቸው ሰፊ ነው፤ ባትሪ ግን ይበላሉ። ጥሩ ቀይ ነጥብ በአንድ ባትሪ ዓመታት ሲቆይ፣ እነዚህ በወራት ይጨርሱታል። አብርቶ ለሚረሳ እንደ እኔ ላለ ሰው አይሆኑም።

ታዲያ ነጥቧ ለተጣመመችበት ሰው ምን ይሻላል? እኔ ያረፍኩት ባለ ፕሪዝም መነጽር ላይ ነው፤ ፕሪዝም ብርሃን የሚያጥፍ የመስታወት ቁራጭ ነው። እዚህ የማነጣጠሪያ ምልክቱ ራሱ መስታወቱ ላይ ተቀርጿል። መብራት ጠፋ አልጠፋ ይታያል። ብዙዎቹ ለዓይናችሁ የሚስተካከል ቀለበት አላቸው። ከእነዚህ ዝነኛው ኤኮግ ነው፤ ሚሺጋን ያለው ትሪጂኮን የሚባል ኩባንያ በ1987 ያወጣው። አራት እጥፍ ያቀርባል፣ ባትሪ አይጠይቅም። ግን አንድ ጣጣ አለው። ባለ አራት እጥፉ የታወቀው ሞዴል ላይ ዓይን ከመስታወቱ 4 ሳንቲ ሜትር እንኳ መራቅ የለበትም። የዓይን መነጽር ለምታደርጉ ይህ ጭንቅ ነው፤ መነጽር ከመነጽር ይጋጫል። ከመግዛታችሁ በፊት ሱቅ ውስጥ አንገታችሁን ዘና አድርጋችሁ አነጣጥሩ። ጥቁር ጥላ ከመጣ ተዉት።

[ምስል፦ ከ1 ወደ 6 እየቀረበ የሚሄድ እይታ።]

አሁን ሁሉም የሚጠይቀኝ 1-6፣ 1-8፣ 1-10 የሚባለው ተለዋዋጭ ነው፤ ማጉያው ከ1 እጥፍ እስከ 6፣ 8 ወይም 10 እጥፍ የሚቀየር። ጦሩም ወደዚህ ዞሯል። የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር በ2020 የትሪጂኮንን 1-8 መረጠ። ምድር ጦሩ በ2022 ቮርቴክስ ከሚባል መነጽር ሠሪ ጋር የተዋዋለበት ደግሞ ርቀት ለኪ ሌዘርና ኮምፒውተር አለው። ግን ጦሩ ያዘዘው ለጦሩ ሥራ ነው። የእናንተ ተኩስ መለማመጃ 50 ያርድ (46 ሜትር ገደማ) ከሆነ 10 እጥፍ ምን ያደርጋል? እኔ ገዝቼ አውቃለሁ። 16 እጥፍ የሚያቀርብ። ቅርብ ላይ የማየው የወረቀቱን ጭረት እንጂ ዒላማውን አልነበረም። በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት።

አንድ ሒሳብ ልስጣችሁ። የፊቱን መስታወት ስፋት በማጉያው አካፍሉ። 24 ሚሊ ሜትር ለ6 ሲካፈል 4 ነው። ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋቱ ያ ነው። 24 ለ10 ቢሆን 2.4። ሲመሽ የዓይን ብሌን ከዚያ በጣም ስለሚሰፋ እይታው ይደበዝዛል፤ ዓይንም ልክ ቦታውን ካላገኘ ይጨልማል። ክብደቱስ? ከነመያዣው ብዙ ጊዜ ከ700 ግራም ያልፋል። ትንሿ ቀይ ነጥብ 200 እንኳ አትሞላም። ቀኑን ሙሉ ይዛችሁ ስትቆሙ ክንዳችሁ ይነግራችኋል።

መያዣውን ነገር አትናቁ። ብዙ ሰው መነጽሩ ላይ ገንዘቡን አፍስሶ መያዣው ላይ ይቆጥባል። ብሎኑ ከላላ የዓለም ምርጥ መስታወትም ይስታል። ብሎኑን በልኩ አጥብቁና በነጭ ቀለም ቀጭን መስመር አስምሩበት። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው። ኤአር ላይ መነጽሩ ከአፈሙዙ 6 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ይላል። ስለዚህ አምስት ሜትር ላይ ስትተኩሱ ጥይቱ ካነጣጠራችሁበት በታች ቢያርፍ አትደንግጡ። 50 ያርድ ላይ ካስተካከላችሁት፣ ጥይቱ ትንሽ ወጣ ብሎ 200 ያርድ አካባቢ ተመልሶ ይገጥማል።

ልረሳው ነበር። አሜሪካ ያላችሁ ስሙኝ፤ የአጎት ልጅ ከአገር ቤት ደውሎ "አንድ መነጽር በሻንጣ ያዝልኝ" ቢላችሁ እሺ እንዳትሉ። የጠመንጃ መነጽር ከአሜሪካ ለማውጣት የመንግሥት ፈቃድ ይፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ መውሰድ ወንጀል ነው። ስኒከር ያዙለት።