በአንድ እግር፣ ጣና ዳር

[ምስል፦ ባሕር ዳር፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ዘንባባ፣ ደንገል፣ ራቅ ብሎ ታንኳ።]

ጫማ ይውለቅ። ምንጣፉን ደረቅ መሬት ላይ ዘርጉት፤ ጤዛ ያረጠበው ሣር ያንሸራትታል። ዛሬ ከሕንድ ከመጣው ዮጋ አንድ አቋቋም ብቻ እናያለን፤ ቭሪክሻሳና፣ የዛፍ አቋቋም።

በግራ እግር ቁሙ። ክብደታችሁ ሦስት ቦታ ይረፍ፦ አውራ ጣት ሥር፣ ትንሿ ጣት ሥር፣ ተረከዝ ላይ። የቀኝ ውስጥ እግራችሁን ባታችሁ ላይ አስደግፉ፤ የለመደ ከፍ አድርጎ ጭኑ ላይ ያሳርፈዋል። ጉልበት ላይ ግን በፍጹም። ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ ከጎን ሲገፉት ጅማቱ ይጎዳል። የተነሳውን ጉልበት ስትከፍቱ ዳሌያችሁ አብሮ ከዞረ፣ ጉልበቱን ትንሽ ወደ ፊት መልሱት።

ዓይናችሁስ የት ይረፍ? ጣና የሚፈትነው እዚህ ላይ ነው። ሚዛናችንን የሚጠብቁት ዓይን፣ የውስጥ ጆሮ፣ ከእግርና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው ስሜት ናቸው። ሞገዱን ስታዩ ዓይን “እየሄድን ነው” ይላል፣ እግር “ኧረ ቆመናል” ይላል፤ በመሀል ትወዛወዛላችሁ። ስለዚህ ቢያሳዝንም ለጀማሪ ሐይቁ ከጀርባ ይሁን። 3 ሜትር ያህል ርቆ ያለ የዘንባባ ግንድ ላይ አንድ ምልክት ምረጡና እሱን ብቻ እዩ። የሚያዞረው ሰውና ነፍሰ ጡር አጠገባቸው ያለ ሌላ ግንድ በአንድ እጅ ይያዙ።

[ምስል፦ ቁርጭምጭሚት በቅርበት፤ ሲንቀጠቀጥ ይታያል።]

ይህ መንቀጥቀጥ ድክመት እንዳይመስላችሁ። ጡንቻዎቹ ሚዛኑን ደቂቃ በደቂቃ እያረሙ ነው።

አሁን ትንፋሽ። በአፍንጫ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ፤ በሰከንድ አንድ ከቆጠራችሁ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት በተፈጥሮው ዝግ ይላል፤ ማስወጫውን ማስረዘም የሚያረጋጋውም ለዚህ ነው። በየእግሩ 5 ትንፋሽ ይበቃል። ትንፋሻችሁን አፍናችሁ ከያዛችሁ አቋቋሙ ከብዷችኋል፤ እግሩን ወደ ቁርጭምጭሚት አውርዱት፣ ጣቶቹም መሬት ይንኩ።

ብዙ ሰው ስልኩን አስደግፎ ራሱን እየቀረጸ ይጀምራል። ያኔ ሐሳቡ ሁሉ “ምን እመስላለሁ?” ላይ ይውላል፤ ሆዱን ይሰበስባል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ከዚያ ይወድቃል። ዮጋ የሚያለማምደው ሌላውን ጥያቄ ነው፦ “ምን ይሰማኛል?” የልብ ምትን፣ ረሃብን፣ የትከሻን መወጠር ከውስጥ ማስተዋል ኢንተሮሴፕሽን ይባላል። ሰው ለገላው ያለው አመለካከት በመልክ ብቻ ሳይሆን በዚህም ይሠራል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። ድብርት ያለበት ግን የሐኪሙን መድኃኒት በዮጋ አይተካ።

ሲያበቃ ጋቢ ደርባችሁ 5 ደቂቃ በጀርባችሁ ተጋደሙ። ስትነሱ መጀመሪያ በጎን ዙሩ፣ ትንሽ ቆዩ፣ በእጃችሁ ተደግፋችሁ ተቀመጡ። ከተኙበት ብድግ ማለት የደም ግፊትን ለአፍታ ዝቅ ያደርግና ያዞራል።