ማስታወቂያውን አንብባችሁታል ወይስ አይታችሁት ነው? ከሲቪ እስከ ቅጥር ደብዳቤ

[ስክሪን ላይ፦ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ፣ ቀስ እያለ የሚጎላ]

ዛሬ አንድ የሥራ ማስታወቂያ ይዘን ከላይ እስከ ታች እንበረብረዋለን። እኔው የጻፍኩት ነው፣ የማንም ድርጅት አይደለም። ግን ሪፖርተር ጋዜጣ ላይ፣ ኢትዮጆብስ ላይ፣ በየቴሌግራም ቻናሉ በየቀኑ የምታዩት ዓይነት ነው። እንዲህ ይላል፦

«የሥራ መደብ፦ ሲኒየር አካውንታንት። ተፈላጊ ችሎታ፦ በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ 4 ዓመት ቀጥተኛ የሥራ ልምድ፣ ፒችትሪ (የሒሳብ ሶፍትዌር) የሚችል። ብዛት፦ 1። ደመወዝ፦ በስምምነት። ማሳሰቢያ፦ ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት ስለመሆኑ ማስረጃ መቅረብ አለበት።»

ብዙ ሰው ይህን ታክሲ ውስጥ ሆኖ ያየዋል። «አካውንታንት፣ ዲግሪ፣ አለኝ» ይልና ያቺኑ ሲቪ ይልካል። ባለፈው ሳምንት ለባንክ የላካትን፣ ከዚያ በፊት ለኤንጂኦ የላካትን። ሳይደወልለት ሲቀር ደግሞ «ተወው፣ ቦታው ድሮም የተያዘ ነው» ይላል።

የተያዘ ቦታ የለም አልላችሁም። አለ። ለወጉ ያህል የሚወጣ ማስታወቂያ ሞልቷል፣ እሱን መካድ ማላገጥ ነው። ችግሩ የትኛው የተያዘ የትኛው እውነተኛ እንደሆነ ከውጭ ሆናችሁ መለየት አለመቻላችሁ ነው። ስለዚህ ያለው አማራጭ ጥቂት ቦታ መርጦ እያንዳንዱን እንደ እውነተኛ ማመልከት ነው። በቀን 20 ቦታ ያቺኑ ሲቪ መበተን ድካም ነው።

አሁን ወዲያ ማዶ ያለችውን የሰው ኃይል ባለሙያ አስቧት። ፊቷ የማመልከቻ ክምር አለ። አጠገቧ ደግሞ ኤክሴል ተከፍቷል፣ አራት ዓምድ፦ ዲግሪ፣ የልምድ ዓመት፣ ፒችትሪ፣ የግብር ማስረጃ። ሲቪያችሁን የምታነበው ስለ እናንተ ለማወቅ አይደለም፣ ለዚያ ገና ጊዜ የላትም። አራቱን ዓምዶች ለመሙላት ነው። አንዱን ፈልጋ ካጣች ክፍት ትተወዋለች። ክፍት የተተወ ዓምድ ያለው ሰው ደግሞ አይጠራም፣ ምንም እንኳ ፒችትሪን እንደ መዳፉ ቢያውቀውም።

ስለዚህ ማስታወቂያው የጠየቃቸው ነገሮች በሲቪያችሁ የመጀመሪያ ግማሽ ገጽ ላይ፣ ማስታወቂያው በተጠቀመበት ቃል፣ ቁልጭ ብለው ይታዩ። «የተለያዩ የሒሳብ ሶፍትዌሮች» አትበሉ። ፒችትሪ ካለ ፒችትሪ በሉ።

[ስክሪን ላይ፦ ሁለት የሲቪ መስመሮች፣ ጎን ለጎን]

እዚህ ላይ እዩ። የመጀመሪያው «የድርጅቱን የሒሳብ ሥራዎች ማከናወን» ይላል። ይህ ከሥራ ዝርዝር ላይ የተቀዳ ነው፣ አገር ያለ አካውንታንት ሁሉ ይጽፈዋል። ሁለተኛው ደግሞ፦ «የ85 ሠራተኞችን የወር ደመወዝ በፒችትሪ አዘጋጃለሁ፣ የሥራ ግብርና ጡረታ በየወሩ በጊዜው አሳውቃለሁ፣ የ3 ባንክ ሒሳቦችን ከባንኩ መግለጫ ጋር አመሳክሬ ሪኮንሲል አደርጋለሁ።» ሰውየው ያው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውን ግን ጠርተው ሊጠይቁት ይፈልጋሉ፣ ምክንያቱም የሚጠይቁት ነገር ሰጥቷቸዋል።

«እኔ ዜሮ ዓመት ነኝ፣ ምን ልጻፍ?» ለምትሉ፦ አፓረንትሺፕ የወጣችሁበት ቦታ ምን ሠራችሁ? «ታዝቤያለሁ» ሳይሆን፣ የትኛውን ሰነድ በእጃችሁ ሞላችሁ? የአጎታችሁን ሱቅ ሒሳብ ይዛችሁ የምታውቁ ከሆነ እሱም ይጻፍ። የመውጫ ፈተና ውጤታችሁ ጥሩ ከሆነ አትደብቁት። ሃይማኖት፣ የትዳር ሁኔታ፣ «ሆቢ፦ ንባብና ሙዚቃ» ግን ይውጡ፣ ቦታ ነው የሚይዙት።

አሁን ወደ አንድ ጉድ ልውሰዳችሁ፣ ብዙ ጥሩ ሰው የሚወድቅበት። የዘመን አቆጣጠር። ዲግሪው ላይ ያለውን ቀን በኢትዮጵያ ይጽፋል፣ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ በፈረንጅ ስለሆነ እሱን በፈረንጅ ይጽፋል። ሲቪው ላይ ምን ይታያል? ተመረቀ 2010፣ ሥራ ጀመረ 2018። ስምንት ዓመት የት ነበር? የትም አልነበረም! ሐምሌ 2010 ተመርቆ ሴፕቴምበር 2018 ነው የተቀጠረው፣ በመሃሉ ያለው ሁለት ወር አካባቢ ነው። ግን ክምር ያለባት ባለሙያ ቁጭ ብላ አትቀይርላችሁም። አንዱን አቆጣጠር ምረጡ፣ ሲቪው ላይ ከዳር እስከ ዳር በእሱ ጻፉ፣ ከላይም የቱ እንደሆነ አመልክቱ።

ስምም እንዲሁ ነው። ስማችሁ ዲግሪው ላይ፣ ፋይዳው ላይ፣ ፓስፖርቱ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት ነው የተጻፈው? ጸጋዬ የሚባል ሰው ሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ፊደል ሊኖረው ይችላል። ካለፋችሁ በኋላ ማስረጃ ሲመሳከር ነው ይህ የሚፈነዳው። ዛሬ አረጋግጡ።

ያ የሥራ ግብር ማስረጃስ? የምትሠሩበት መሥሪያ ቤት እያላችሁ ጠይቁ፣ ከተጣላችሁ በኋላ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራችሁትን ሥራ፣ የአገልግሎት ዘመናችሁንና ደመወዛችሁን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጣችሁ ያስገድደዋል። ውለታ እየለመናችሁ አይደለም።

ማመልከቻ ደብዳቤውን በአጭሩ ልለፈው። «ጉዳዩ» ላይ የመደቡን ስም ጻፉ። ከዚያ የጠየቁትን አሟላለሁ፣ ማስረጃው ይኸው፣ ለኢንተርቪው ዝግጁ ነኝ። ግማሽ ገጽ። በኢሜይል ከሆነ ሁሉም በአንድ ፒዲኤፍ ይሁን፣ የፋይሉ ስም የእናንተ ስምና የመደቡ ስም ይሁን። «ሲቪ ፋይናል ፋይናል 2» የሚል ፋይል መቼም የማን እንደሆነ አይታወቅም። ደግሞ ለምዝገባ ወይም ለሥልጠና ብር አስገቡ የሚላችሁ «አሠሪ» ካለ ስልኩን ዝጉት፣ ደመወዝ ሊከፍላችሁ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ እናንተን አያስከፍልም።

[ስክሪን ላይ፦ የሚጮህ ስልክ፣ የማይታወቅ ቁጥር]

ተደወለ። እናንተ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ናችሁ፣ ረዳቱ ይጮኻል፣ ከኋላ «ወራጅ አለ!» ይባላል። አትጨነቁ፣ እንዲህ በሉ፦ «ይቅርታ፣ መንገድ ላይ ነኝ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መልሼ ልደውልልዎ?» ማንም አይቆጣም። ስትደውሉ ሦስት ነገር ጠይቁ። ጽሑፍ ፈተና አለው ወይስ ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው? ቢሮው በትክክል የት ነው? ሰዓቱስ በየትኛው አቆጣጠር ነው? በተለይ ኢሜይሉ በእንግሊዝኛ ከመጣ፣ 2 ሰዓት የተባለው ጠዋት የእኛ 2 ሰዓት ነው ወይስ ከሰዓት 8 ሰዓት? በዚህ ብቻ ኢንተርቪው ያመለጠው ሰው አለ። ከቻላችሁ ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት ሄዳችሁ ሕንፃውን እዩት። «ከመድኃኔዓለም ገባ ብሎ፣ ከፋርማሲው ፊት ለፊት» የሚባል አድራሻ ጠዋት በጭንቀት ሲፈለግ አይገኝም፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሰባተኛ ፎቅ በእግር ነው። መታወቂያ አትርሱ፣ ጥበቃው አያስገባችሁም።

ገባችሁ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን።»

«የተወለድኩት ደሴ ነው፣ አንደኛ ደረጃን የተማርኩት...» አይ፣ አይ፣ እሱን ተዉት። የጠየቋችሁ ይህን ሥራ ለምን ትችላለህ ነው፣ በጨዋ ቋንቋ። አንድ ደቂቃ ተኩል ይበቃል፦ አሁን ምን እሠራለሁ፣ ከጠየቃችሁት ጋር የት ይገናኛል፣ ለምን እዚህ መጣሁ። በእንግሊዝኛም በአማርኛም ቤት ሆናችሁ ድምፅ አውጥታችሁ ተለማመዱት፣ ምክንያቱም መሃል ላይ ቋንቋ መቀየር የኛ አገር ኢንተርቪው ልማድ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ነው ሰዉን የሚለየው። «ያጋጠመህን ችግርና የፈታህበትን መንገድ ንገረን።» እዚህ ላይ ይሉኝታ ይመጣል። እኔ እኔ ማለት ጉራ ይመስለናል። «ተባብረን ሠራን፣ ቲሙ ጥሩ ነበር፣ ተሳካ» እንላለን። ጨዋነት ነው፣ ግን ኮሚቴው የሚቀጥረው ቲሙን አይደለም። ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጣችሁ ብትሰሙት የምትይዙት አንድም ነገር የለም፣ የምትጽፉበት ወረቀት ባዶ ይቀራል።

ይህን ስሙ፦ «ሰኔ መዝጊያ ላይ የመጋዘን ቆጠራውና ሲስተሙ አልገጥም አሉ። ስቶር ኪፐሩ ላይ ጣት መቀሰር ተጀምሮ ነበር። እኔ የሦስት ወር የዕቃ ገቢ ደረሰኞችን አውጥቼ አንድ በአንድ ሳመሳክር፣ አንዱ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ አገኘሁት። አስተካከልኩ። ከዚያ ወዲህ የተመዘገበ ደረሰኝ ላይ ማህተም እንዲመታ ለሥራ አስኪያጁ ሐሳብ አቀረብኩ፣ እሳቸውም ተቀበሉ።»

ጉራ አለበት? የለበትም። ምን ሆነ፣ እኔ ምን አደረግሁ፣ ምን ተገኘ፣ በቃ። ማስረጃ ነው። ደግሞም ውሸት ከሆነ ወዲያው ይታወቃል፣ «ደረሰኙ ለምን ሁለቴ ተመዘገበ?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ የሚመጣው በቦታው ለነበረ ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሦስት አራት ታሪክ ከራሳችሁ ሥራ መርጣችሁ ያዙ። አብዛኛው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ ከአንዱ ጋር ይገጥማል።

«ለምን ልትለቅ ፈለግህ?» አለቃችሁን አትሙ። ቢገባውም አትሙት። የአዲስ አበባ ፋይናንስ ሰፈር ትንሽ ነው፣ ከጠያቂዎቹ አንዱ ክላስሜቱ ሊሆን ይችላል። «እዚያ የምችለውን ተምሬያለሁ፣ ሰፋ ያለ ኃላፊነት እፈልጋለሁ» ማለት በቂ ነው።

አሁን ገንዘብ። «ስንት ትጠብቃለህ?» ሲባል «እንደ ድርጅቱ ስኬል» የሚለው መልስ በጣም የተለመደ ነው፣ እኔ ግን አልወደውም። ማስታወቂያው በስምምነት ብሏል እኮ! አንድ ወገን ብቻ የሚናገርበት ስምምነት የለም።

[ስክሪን ላይ፦ ካልኩሌተር]

ግን ቁጥር ከመጥራታችሁ በፊት አስሉ። 20,000 ብር ቢሏችሁ ኪሳችሁ የሚገባው ስንት ነው? ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር እርከን የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፣ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ እየጨመረ ይሄዳል፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ነው። በ20,000 ላይ ሲደመር 4,950 ብር። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ አለ፣ 1,400። የሚተርፈው 13,650 ብር ነው። ስለዚህ «20,000» ስትሉ ያልተጣራውን ነው ወይስ የተጣራውን? ይህን ሳይለዩ ተስማምቶ በመጀመሪያው ደመወዝ ቀን የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። አካውንታንት ሆኖ ከደነገጠማ ሌላ ጉዳይ ነው። «ያልተጣራ ከ22 እስከ 25 ሺህ እጠብቃለሁ፣ የትራንስፖርት አበል ካለ ግን መነጋገር እንችላለን» በሉ፣ ከዚያ ዝም። ዝምታውን ለመሙላት ብላችሁ ራሳችሁ ዋጋ አትቀንሱ።

በመጨረሻ «ጥያቄ አለህ?» ይሏችኋል። አለኝ በሉ። «ቦታው አዲስ ነው ወይስ የለቀቀ ሰው አለ?» ይህ ብዙ ነገር ያሳያችኋል፣ በተለይ እርስ በርስ ከተያዩ። «በመጀመሪያዎቹ ወራት ከዚህ ሰው ምን ትጠብቃላችሁ?» ይህም ጥሩ ነው።

«አልፈሃል» ተብሎ ሲደወል ደስታው ያስቸኩላል። በዚያው ቀን መልቀቂያ የሚያስገባ አለ። አታድርጉት። በስልክ የተባለ ነገር በስልክ ይሻራል። የተፈረመና ማህተም ያለበት የቅጥር ደብዳቤ ወይም ውል እስኪደርሳችሁ የነበራችሁበት ቆዩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሙከራ ጊዜ ለጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስለሚጠይቅ፣ «መቼ ትጀምራለህ?» ሲሏችሁ «ነገ» አትበሉ፣ ይህን ቆጥራችሁ ንገሯቸው። ደብዳቤውን ስትይዙ ሦስት ቦታ እዩ፦ ደመወዙ ያልተጣራ መሆኑ ተጽፏል? የመደቡ ስም ማስታወቂያው ላይ የነበረው ነው? የሙከራ ጊዜውስ? በአዋጁ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ የለበትም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው አልሆንክም ካሏችሁ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቷችሁ ስለሚችሉ፣ ስድስት ወር የሚል ካያችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ኮፒውን ደግሞ ለራሳችሁ አስቀሩ።