ውድ ላፕቶፕ ለባለሙያ ይበቃል? ለሥራ ቀኑ አዎ፣ ለአምስት ዓመቱ እንጃ

[ምስል፦ ቀጭን ላፕቶፕ በጎኑ፤ ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ መሰኪያዎቹ ይጠጋል]

አፕል በኦክቶበር 2016 አዲሱን ማክቡክ ፕሮ ሲያስተዋውቅ ባለ 15 ኢንቹ ከ2,399 ዶላር ይጀምር ነበር። ይህን ሁሉ ከፍሎ የገዛ ሰው ያላገኛቸውን ነገሮች ልቁጠርላችሁ። የካሜራ ሚሞሪ ካርድ መሰኪያ የለም። ወደ ፕሮጀክተርና ወደ ቴሌቪዥን የሚሄደው ኤችዲኤምአይ የለም። ፍላሽ የምንሰካበት ተራው ዩኤስቢ የለም። ሰው ገመዱን በእግሩ ጠልፎ ቢያልፍ በማግኔት ተላቆ ላፕቶፑን ከመውደቅ የሚያድነው ቻርጀርም የለም። ሁሉም ከዚያ በፊት በነበረው ሞዴል ላይ ነበሩ። የቀረው አራት የዩኤስቢ ሲ መሰኪያና አንድ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ብቻ ነው።

ማሽኑ የታሰበው ደግሞ ለፎቶ አንሺ፣ ለቪዲዮ ኤዲተር፣ ለሙዚቃ አቀናባሪና ለፕሮግራመር ነበር። ካሜራ ይዞ ለሚዞር ሰው የካርድ መሰኪያ የሌለው ላፕቶፕ መሸጥ ድፍረት ይጠይቃል። ቅሬታው ሲበረታ አፕል በማግስቱ ወር የአዳፕተሮቹን ዋጋ ለጊዜው ቀነሰ።

ዛሬ የምናየው ጥያቄ ይህ ነው፦ በላፕቶፕ ለሚተዳደር ሰው ውድ የሚባሉት ማሽኖች አሁንም ይበቃሉ ወይ? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ለሥራ ቀኑ ይበቃሉ፣ እንዲያውም ለብዙዎቻችን ይተርፋሉ። ለአምስት ዓመቱ ግን አይበቁም። ለምን እንዲህ እንደምል ላሳያችሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

[ምስል፦ የ2015 እና የ2016 ሞዴሎች ጎን ለጎን፤ ውፍረታቸውና ባትሪያቸው በቁጥር]

ነገሩ የተበላሸው በቅጥነት ነው። የ2015ቱ ባለ 15 ኢንች ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ባትሪው 99.5 ዋት-ሰዓት ነበር። የ2016ቱ ወደ 15.5 ሚሊ ሜትር ቀጠነ፤ ባትሪውም ወደ 76 ዋት-ሰዓት ወረደ። ለሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ሲባል ሩብ ያህሉ ባትሪ ሄደ ማለት ነው። ራሙም፣ ማለትም ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ሚሞሪ፣ ከ16 ጊጋባይት አላለፈም። በዚያን ጊዜ የኢንቴል ቺፖች የሚቀበሉት ባትሪ ቆጣቢው የራም ዓይነት ከዚያ በላይ አይሄድም ነበር፤ ከ16 በላይ የሚሄደው ዓይነት ደግሞ ባትሪ ይበላል። ባትሪው አስቀድሞ ስለተቀነሰ ያንን መሸከም አልተቻለም። አንዱ ውሳኔ ሌላውን እየጎተተ ነው የሄደው።

ከሁሉም የባሰው ኪቦርዱ ነበር። በ2015 በባለ 12 ኢንቹ ማክቡክ የተጀመረው «ቢራቢሮ» የሚባለው አሠራር ቁልፎቹን ከልክ በላይ አቀጠናቸው። ትንሽ አቧራ ከገባ ቁልፉ ወይ ይጣበቃል፣ ወይ አንድ ጊዜ ስትነኩት ሁለት ፊደል ይጽፋል። ይህ በራሱ ሊጠገን የሚችል ነገር ነው ትሉ ይሆናል። ችግሩ ኪቦርዱ ከላይኛው የላፕቶፑ አካል ጋር አብሮ የተጣበቀ መሆኑ ላይ ነው፤ ባትሪውም እዚያው ላይ በማጣበቂያ ተለጥፏል። ስለዚህ ኪቦርዱን ለመቀየር የላይኛውን አካል ከነባትሪው መቀየር ሊያስፈልግ ነው። አፕል በጁን 2018 ላፕቶፑ ከተሸጠ እስከ አራት ዓመት ድረስ በነፃ እጠግናለሁ አለ። በ2022 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ደንበኞች በጋራ የመሠረቱትን ክስ በ50 ሚሊዮን ዶላር ለመዝጋት ተስማማ።

በዚሁ መሀል ከኪቦርዱ አናት ላይ ያሉት የተግባር ቁልፎች ተነስተው በንክኪ ስክሪን ተተኩ። ኢስኬፕ ቁልፍም አብራ ሄደች። ቀኑን ሙሉ ኮድ የሚጽፍ ሰው ያችን ቁልፍ ሳያይ ነው የሚነካት፤ መስታወት ላይ ግን ጣት የሚይዘው ነገር የለም። በጁላይ 2018 ደግሞ በዚያው ቀጭን አካል ውስጥ ኮር አይ9 የሚባለውን የኢንቴል ቺፕ ከተቱበት። ሙቀቱ ሲበዛ ማሽኑ ፍጥነቱን እየቀነሰ አስቸገረ፤ አፕል በዚያው ወር የሶፍትዌር ማስተካከያ ለቀቀ።

[ምስል፦ የ2021ዱ ሞዴል፤ መሰኪያዎቹ አንድ በአንድ እየበሩ]

ከዚያ መመለሱ ተጀመረ። በ2019 መጨረሻ በወጣው ባለ 16 ኢንች ላይ የድሮው ዓይነት ኪቦርድና ኢስኬፕ ቁልፍ ተመለሱ። በኦክቶበር 2021 ደግሞ ኤችዲኤምአዩም፣ የካርድ መሰኪያውም፣ የማግኔት ቻርጀሩም ወደ ቤታቸው ገቡ፤ የንክኪ ስክሪኑም ተነሳ። ተራው ዩኤስቢ ብቻ እንደወጣ ቀረ። ባለ 16 ኢንቹ ወደ 16.8 ሚሊ ሜትር ወፈረ፣ ክብደቱም ሁለት ኪሎን አለፈ፣ ባትሪው 100 ዋት-ሰዓት ደረሰ። ከዚህ በላይ የማይሄደው በምክንያት ነው፦ ያለ አየር መንገድ ልዩ ፈቃድ አውሮፕላን ላይ ይዛችሁ የምትገቡት የባትሪ ጣሪያ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ኩባንያው ተሳስቻለሁ ብሎ አልተናገረም፤ የወፈረው ላፕቶፕ ግን ተናግሮለታል።

አሁን ወዳለንበት እንምጣ። አፕል በ2020 የራሱን ቺፕ ኤም1ን ካወጣ ወዲህ ስለ ኃይል የሚነሳው ክርክር አብዛኛው አብቅቷል። በተለይ እኛን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ያላቸው ብዙዎቹ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ከቻርጀር ሲነቀሉ ፍጥነታቸው በጣም ይወርዳል። እነዚህ ማኮች ግን ተሰኩም ተነቀሉም ሥራቸው ያው ነው ለማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ተቀምጦ ቪዲዮ እያወጣ መብራት የሄደበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃል።

ታዲያ የት ላይ ነው የሚያንሰው?

[ምስል፦ የሰርግ ቀረጻ፤ ከጎኑ እየጨመረ የሚሄድ የጊጋባይት ቁጥር]

የሰርግ ቪዲዮ እንውሰድ። 4ኬ ቀረጻ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ከሆነ አንድ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። ሁለት ካሜራ ስድስት ስድስት ሰዓት ቢቀርጹ 540 ጊጋባይት ነው። በ2024 የወጣው መነሻ ማክቡክ ፕሮ ዋጋው 1,599 ዶላር፣ ስቶሬጁ 512 ጊጋባይት ነበር። የአንድ ቅዳሜ ሰርግ አይገባበትም ማለት ነው፤ የእሑዱን መልስ እንተወውና። ወደ አንድ ቴራባይት ከፍ ለማድረግ 200 ዶላር፣ ራሙን ከ16 ወደ 24 ለማሳደግ ሌላ 200 ዶላር ነበር። ያውም 16 መነሻ የሆነው በ2024 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አፕል በዚያው በ1,599 ዶላር «ፕሮ» ብሎ የሸጠው ላፕቶፕ 8 ጊጋባይት ራም ነበረው። ይህን በደግ ቃል ልገልጸው አልችልም።

ዋጋው ብቻ ቢሆን ግን «ውድ ነው» ብለን እናልፈው ነበር። ዋናው ጉዳይ ራሙም፣ ፋይል የሚቀመጥበት ኤስኤስዲውም በፋብሪካ የተበየዱ መሆናቸው ነው። ዘንድሮ ያልከፈላችሁበትን ከርሞ ከፍላችሁ አታገኙትም። ዛሬ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ቪዲዮ ሊገባ ይችላል፤ ላፕቶፑ ግን የተገዛበት ቀን ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። አንድ ባለሙያ የአምስት ዓመት ሥራውን በአንድ ቀን ገምቶ እንዲከፍል ነው የሚጠየቀው፤ ከገመተው ካነሰ መውጫው ሌላ ላፕቶፕ መግዛት ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። ለራሙ ምክንያት አላቸው። እነዚህ ቺፖች ዋናው ፕሮሰሰርና ግራፊክሱ አንድ ራም ይጋራሉ፤ ኤም1 ማክስ ከራሙ ጋር በሴኮንድ እስከ 400 ጊጋባይት ይለዋወጣል። እንዲህ ያለ ፍጥነት ራሙ ከቺፑ አጠገብ እንዲሆን ይፈልጋል። ፍሬምወርክ የሚባለው ኩባንያ ስሙን የገነባው ተፈታትቶ በሚገጣጠም ላፕቶፕ ነው። እሱ እንኳ በ2025 ባወጣው ዴስክቶፕ ላይ ራሙን በየደው፤ የመረጠው የኤኤምዲ ቺፕ በሌላ መንገድ ሙሉ ፍጥነቱን አልሰጥ ስላለ። በሌላ በኩል ሌኖቮ በ2024 ባወጣው ቲንክፓድ ፒ1 ላይ ባትሪ ቆጣቢ ሆኖ የሚነቀልና የሚተካ አዲስ ዓይነት ራም ገጥሟል። መንገድ ይፈለግ ከተባለ ይገኛል፤ ገና ጅምር ቢሆንም።

ለኤስኤስዲው ግን ምክንያት የለም፣ ያለው ሰበብ ነው። የሚነቀል ኤስኤስዲ በበርካታ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ላይ በአንድ ብሎን ታስሮ በፍጥነት ይሠራል። አፕል ራሱ በ2024ቱ ማክ ሚኒ ላይ የሚነቀል አድርጎታል። በላፕቶፖቹ ላይ ተበይዷል፤ መረጃውም በዋናው ቺፕ ቁልፍ የተመሰጠረ ነው። ማዘርቦርዱ ከሞተ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሰካት የሚባል ነገር የለም። የደንበኛ ሥራ ያለ ባክአፕ እዚያ ውስጥ ብቻ ካለ አብሮ ነው የሚሄደው።

እኛ ጋ ይህ እጥፍ ይከብዳል። ኢትዮጵያ ውስጥ የአፕል የራሱ መደብር የለም። ያገለገለ ኤሊትቡክ ወይም ቲንክፓድ የያዘ ሰው ሰፈሩ ያለ ቴክኒሻን ጋ ገብቶ፣ ቡናውን ሳይጨርስ ራም ጨምሮ፣ ኤስኤስዲ ቀይሮ ይወጣል። ውዱን ላፕቶፕ የያዘው ግን ወይ ማዘርቦርድ ይገዛል፣ ወይ ዕቃውን ለዘመድ አስይዞ ወደ ውጭ ይልካል። ላፕቶፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው፤ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚመጣው ሰው ሱቅ ገብቶ መደርደሪያ ላይ ያገኘውን መነሻ ሞዴል ያነሳል። እናንተ የምትፈልጉት ራሙ ከፍ ያለው አስቀድሞ መታዘዝ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ «ማክቡክ ፕሮ ግዛልኝ» አትበሉ፤ የራሙንና የስቶሬጁን ቁጥር ጽፋችሁ ላኩ።

[ምስል፦ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ረድፍ]

ዊንዶውስ ሰፈርም ንጹሕ አይደለም። ዴል በ2022 ባወጣው ኤክስፒኤስ 13 ፕላስ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውን አንስቶ የላይኛውን የቁልፍ ረድፍ ንክኪ አደረገው፤ አፕል በመከራ የተወውን ስህተት ከአንድ ዓመት በኋላ ማንሳት ማለት ነው። የግራፊክስ ካርድ ስምም ያታልላል። ኢንቪዲያ የላፕቶፑንም የዴስክቶፑንም አርቲኤክስ 4090 ብሎ ይጠራቸዋል፤ የዴስክቶፑ ግን 24 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው፣ የላፕቶፑ 16። ውስጡ ያለው ቺፕም ሌላ ነው፣ የዴስክቶፑ 4080 ቺፕ። ሻጭ ስሙን ጠርቶ ዋጋ ሲነግራችሁ ይህን አስታውሱ። በአንጻሩ ማንም ቆንጆ የማይለው ቲንክፓድ ቲ14፣ የ2024ቱ፣ ዕቃ እየፈታ የሚመዝነው አይፊክስኢት ለጥገና ምቹነት ከ10 ዘጠኝ ሰጥቶታል። ለብዙ ሠራተኛ ትክክለኛው ላፕቶፕ ያ ነው ባይ ነኝ፤ ካፌ ውስጥ ማንም ዞር ብሎ ባያየውም።

ደግሞ ከኃይል በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ የምትሠሩበት ፕሮግራም ይከፈታል ወይ? የሲቪል መሐንዲስ ኤታብስ፣ የአርክቴክት ሬቪት፣ የሒሳብ ባለሙያ ፒችትሪ፣ ሦስቱም የዊንዶውስ ናቸው። አዲሶቹ ማኮች ዊንዶውስን በቀጥታ አያስነሱም፤ የድሮዎቹ ኢንቴል ማኮች የነበራቸው ቡት ካምፕ ቀርቷል። በሌላ ሶፍትዌር ውስጥ የሚሄደውም አርም ለሚባለው፣ የአዲሶቹ ማኮች ዓይነት ቺፕ የተሠራው ዊንዶውስ ነው፤ የሥራ ፕሮግራማችሁ እዚያ ላይ መሥራቱን ሳታረጋግጡ ገንዘብ አታውጡ።

ልትገዙ ከሆነ አንድ ነገር አድርጉ። አሁን ባላችሁ ኮምፒውተር ላይ ከባዱን ሥራችሁን፣ ትልቁን ፕሮጀክት ክፈቱ። ዊንዶውስ ከሆነ ታስክ ማናጀር፣ ማክ ከሆነ አክቲቪቲ ሞኒተር ውስጥ ገብታችሁ የራሙን ክፍል እዩ። ማክ ላይ እዚያ የሚታየው የራም ግራፍ አረንጓዴ ሆኖ ከቀጠለ ራማችሁ በቂ ነው፤ የሻጩን ምክር ሰምታችሁ አትጨምሩ። ቢጫና ቀይ እየሆነ ካስቸገረ የሚቀጥለው ላፕቶፕ ቢያንስ እጥፍ ይኑረው፤ በኋላ አይጨመርማ። ስቶሬጁን ግን የፋብሪካውን ዋጋ እየከፈላችሁ እስከ ጣሪያው አትሂዱ። አንድ ቴራባይት ውስጥ፣ የቀረው በውጭ ኤስኤስዲ ይሁን፤ ቪዲዮ ከውጭ ዲስክ ላይ ኤዲት ማድረግ ዛሬ ምንም አይገርምም። ዲስኩን ደግሞ ሁለት አድርጉት፣ አንዱ ቤት የሚቀር።

ሥራችሁ ኤታብስ ላይ ከሆነ ግን ማኩን እርሱት፤ ዊንዶውስ ግዙ።